ለሮቦት ውድድር ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ፦ በ8 ሳምንት ውስጥ የቱ ወረቀት ነው የሚጠቅመው?

ጣና_ዳር
እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖች። ባሕር ዳር ላይ 5 ተማሪዎች ሆነን ለውድድር ሮቦት እየሠራን ነው፤ የቀረን 8 ሳምንት ነው። ሜዳው 2.4 በ2.4 ሜትር፣ ጨዋታው 3 ደቂቃ። እምቦጭን የሚወክሉ 8 አረንጓዴ ኳሶች ለቅሞ፣ 15 ዲግሪ ዳገት ወጥቶ ቅርጫት ውስጥ መጣል ነው። ክብደቱ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። አማካሪያችን «በሲስተምስ ኢንጂነሪንግ ሥሩት» (ክፍሎቹን ለየብቻ ሳይሆን ሮቦቱን እንደ አንድ ሥርዓት አቅዶ መሥራት) ብለውናል፣ ግን የሚባለው ሰነድ ሁሉ ቢጻፍ ብቻውን ሴሚስተር ይፈጃል። የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው? በእጃችን ያለው አርዱይኖ ኡኖ (ኮዱ የሚጫንበት ቦርድ)፣ ኤል298ኤን (የሞተር ድራይቨር)፣ ርካሾቹ ቢጫ ማርሽ ሞተሮች፣ ኳስ ለሚያነሳው ክንድ ሁለት ኤምጂ996አር ሰርቮ (በተባለው አንግል የሚቆም ሞተር) እና ባለ 3 ሴል ሊቲየም ባትሪ ነው።

ካቻቪቴ
ሦስት ገጽ ይበቃችኋል፦ የመስፈርት ሠንጠረዥ፣ የክብደትና የኃይል በጀት፣ የመገናኛ ወረቀት (የቱ ክፍል ከየትኛው ጋር በምን እንደሚገናኝ የሚጻፍበት)። ሌላውን ለሪፖርቱ ጊዜ አቆዩት።

መስፈርቱን ከደንቡ አውጡ፤ እያንዳንዱን ቁጥር ስጡትና ከጎኑ በምን እንደምትፈትኑት ጻፉ። «ዳገት በደንብ ይውጣ» መስፈርት አይባልም። «3 ኪሎ ሆኖ 1 ሜትር ዳገት በ4 ሰከንድ ይውጣ፣ ከ10 ሙከራ 10ሩን» ከተባለ ግን ሒሳብ ይወጣዋል። 3 ኪሎ በ15 ዲግሪ ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው ወደ 7.6 ኒውተን ነው፤ የጎማውን መንከባለል ስትጨምሩበት 9 ያዙ። በ65 ሚ.ሜ ጎማ 0.29 ኒውተን ሜትር ይሆናል፣ ለሁለት ሞተር ሲካፈል ለአንዱ 1.5 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ገደማ። እጥፍ አድርጋችሁ 3 የሚችል ፈልጉ። ቢጫው ሞተር በ6 ቮልት ጭራሽ ተይዞ ቢቆም እንኳ የሚሰጠው 0.8 አካባቢ ስለሆነ ዛሬውኑ ከዝርዝሩ አውጡት። ፍጥነቱም ከዚያው ይገኛል፦ 0.25 ሜትር በሰከንድ ማለት ጎማው በደቂቃ 73 ዙር ነው፤ ያለ ጭነት ከ100 እስከ 130 ዙር የሚዞር ባለ 12 ቮልት ማርሽ ሞተር ይሆናችኋል። ኤል298ኤን ደግሞ 2 ቮልት ያህል በሙቀት እንደሚበላባችሁ ስታሰሉ አትርሱ።

ክብደት፦ የኮምፔንሳቶ አካሉ ከነጎማው 900 ግራም፣ ሞተሮች 250፣ ባትሪ 250፣ መልቀሚያው 600፣ ሰርኪውትና ሽቦ 400። ድምሩ 2,400 ነው። የቀረውን 600 ማንም አይንካው፤ ብሎን፣ ዳዶና የመጨረሻ ሰዓት ማጠናከሪያ ላሜራ ይበላዋል።

ስታኞ
ከሦስቱ ገጽ አንዱን ብቻ ሥሩ ብባል የመገናኛውን ነው የምመርጠው። ሜካኒካሉም ኮዱም ለየብቻ ሲሞከር ይሠራል፤ ሲገጠም ነው ጉዱ የሚወጣው።

የእናንተን ዕቃ ይዤ ልንገራችሁ። በኡኖ ላይ የሰርቮ ላይብረሪ (ሰርቮ የሚያዝዘው ዝግጁ ኮድ) ከተጠራ 9ኛና 10ኛ ፒን ላይ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠር አይቻልም። ሞተር የያዘው ልጅ 9ን ከመረጠ፣ ክንዱ የተገጠመ ዕለት አንዱ ጎማ ፍጥነቱን አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ፦ 2 እና 3 ለኢንኮደር (የጎማ ዙር ቆጣሪ)፣ 5 እና 6 ለሞተር ፍጥነት፣ 9 እና 10 ለሰርቮ፤ 0 እና 1 ባዶ ይቀመጡ፣ አለዚያ ኮድ መጫን ያስቸግራል። ከፒኑ ጎን የሽቦው ቀለምና የሶኬቱ ዓይነት ይጻፍ። ወረቀቱን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፤ የሚቀይር ሰው እሱን ያስፈቅድ።

ኃይሉ ላይ፦ አንድ ኤምጂ996አር በ6 ቮልት ከተያዘ 2.5 አምፔር ይስባል፣ ሁለቱ 5። ከኡኖው 5 ቮልት ላይ ካበላችሁት ክንዱ ኳሱን ጨብጦ ሲያነሳ ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፤ ሰው ሁሉ ኮዱን ሲያማ ይውላል። ለሰርቮዎቹ ቢያንስ 6 አምፔር የሚችል የራሳቸው ሬጉሌተር (ቮልቴጅ አስተካካይ)፣ አጠገባቸው 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ግራውንዱ ግን የጋራ። ባትሪው መውጫ ላይ ቫልቮላ ይግባ።

ጣና_ዳር
እግዜር ይስጥልን። ስለ ክንዱ ግን ማንም አልተናገረም፤ ኳሱን አንድ በአንድ የሚያነሳ ነው፣ ይበቃል?

ካቻቪቴ
በሰዓት በጀት እዩት። ከ180 ሰከንድ 20 ለችግር ስታስቀሩ ለአንድ ኳስ 20 ሰከንድ ይደርሳል። መሄድ 6፣ ማንሳት 4፣ ዳገት ወጥቶ መድረስ 7፣ መጣል 3። በወረቀት ሞላ፤ ግን አንዴ ስቶ ቢደግም የሌላውን ኳስ ሰዓት ይበላል። የሚሽከረከር ሮለር ፊቱ ላይ አድርጋችሁ 4 ኳስ ሆዱ ውስጥ ቢይዝ፣ ዳገቱን 8 ጊዜ መውጣት ቀርቶ 2 ጊዜ ይሆናል። አንዱ ሰርቮም ይቀራል። ጥቅሙ ያለው ከክንዱ ውጭ ነው፤ ለዚህ ነው ክንዱን ብቻ ሲያሻሽሉ መክረም የማያዋጣው። በካርቶን ሠርታችሁ ነገ ሞክሩት።

ስታኞ
እስማማለሁ፣ ብቻ ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ዲዛይን አይነካ። የቀረው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጨዋታ በሰዓት እየያዛችሁ የምትሮጡበት ነው። ትርፍ ሞተር፣ ድራይቨርና ሰርቮ አሁን እዘዙ፤ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ዕቃ በመጨረሻው ቀን አይደርስም። መብራት ስለሚሄድም ሁለት ባትሪ ሞልታችሁ ተዘጋጁ።

ወለል ላይ የተሰመረን መስመር የሚያይ ሴንሰር ካላችሁ ደግሞ፣ ቲሲአርቲ5000 የሚባለው የፀሐይን ኢንፍራሬድ ከራሱ ብርሃን አይለይም። ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው አዳራሽ ከሆነ ጠዋት ያስተካከላችሁት ቁጥር እኩለ ቀን ላይ ያሳስታችኋል። ከወለሉ 3 ሚ.ሜ ገደማ ዝቅ አድርጉት፣ ዙሪያውን በጥቁር ስፖንጅ ጋርዱት፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊትም ነጩንና ጥቁሩን ራሱ እንዲለካ ኮዱ ውስጥ አስገቡ። ይህንንም መስፈርት አድርጋችሁ ቁጥር ስጡት፤ ፈተናው በ6 ሰዓት ቀን፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ።