ሩክና ወታደር በሩክ፦ «አቻ» ስል ዳኛው ለምን ከለከለኝ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዕድሜዬ 57 ነው። ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ ከ50 ዓመት በላይ የሆንነው በተጋጠምንበት የቼዝ ውድድር የመጨረሻውን ዙር ተሸነፍሁ፤ እስካሁን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሰዓቱ 90 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 30 ሰከንድ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ከንጉሦቹ ሌላ ለኔ ሩክ (ወደ ፊት ወደ ኋላና ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጠጠር)፣ ለተጋጣሚዬ ሩክና ወታደር ቀረ። ንጉሤ ኢ8 (ፊደሉ ዓምዱ፣ ቁጥሩ መስመሩ ነው)፣ የሱ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ5። ያው አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከመጣ አቻ መጠየቅ ይቻላልና፣ የመጣ መስሎኝ ሩኬን አንቀሳቅሼ፣ ሰዓቱን መትቼ «አቻ!» አልሁ። ዳኛው አልተቀበለኝም። ተረበሽሁና ሩኬን ወደ ስምንተኛው መስመር፣ ንጉሤ አጠገብ ሰበሰብሁት፤ በዚያው አለቀ። ዳኛው ልክ ነው? ጨዋታውስ ይድን ነበር?

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ ዳኛው ልክ ነው። ሦስተኛው የሚመጣው በእርስዎ እርምጃ ከሆነ እርምጃውን ወረቀትዎ ላይ ይጽፋሉ፤ ጠጠር ሳይነኩ ለዳኛው ይናገራሉ። በተጋጣሚዎ እርምጃ ከመጣም ሳይነኩ መጠየቅ ነው። ከነኩ የዚያ ተራ መብት አለፈ። አምስት ጊዜ ከመጣ ግን ዳኛው ራሱ ያቆመዋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ኧረ በደንብ ይድን ነበር! ፊሊዶር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1777 ያሳየው መከላከያ ነው። ሩክዎን ስድስተኛው መስመር ላይ፣ ለምሳሌ ኤ6፣ ያኑሩና እዚያው መስመር ላይ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ንጉሡ ወደ ስድስተኛው መግባት ስለማይችል ወታደሩን ወደ ኢ6 መግፋት ግድ ይሆንበታል። ልክ ሲገፋ ሩክዎን ወደ ኤ1 አውርደው ንጉሡን ከኋላ እያጠቁ ቼክ በቼክ ያድርጉት፤ መሸሸጊያ የለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቸኩሎ ሲወርድ ነው፤ ወታደሩ ገና ኢ5 ላይ ሳለ ከወረዱ ንጉሡ ኢ6 ላይ ይጠለላል።

ከሞጣ፦ እኔንም የሚጎዳኝ እጄ መፍጠኑ ነው። በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ ላይ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ አይጠበቅም፤ ከአያቴ የለመድሁት እሱን ነው። አሁን ሳስብ እጆቼን ጭኔ ሥር አደርጋለሁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ብቆጥር ከሦስቱ በአንዱ ተራው የሱ ነበር። ይቆጠራል?

ከቡሬ፦ አይቆጠርም ጋሼ፤ ተራውም የዚያው ሰው መሆን አለበት። በደንቡ ቢጠይቁም ውድቅ ሆኖ ለሱ 2 ደቂቃ ይጨመርለት ነበር።

ጠያቂ፦ ለካ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመጣው! ከዳኛው ጋር የነበረኝ ቅሬታ ወጣልኝ። ዛሬ ማታ ልጄ ነጩን ይዞ ወታደሩን ይገፋልኛል፤ እኔ ኤ6 ላይ እጠብቀዋለሁ።