ቅጥቅጡ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ወደ ቀኝ ይጎትተኛል

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አባዬ ለዓመታት ሕዝብ ያመላለሰበትን አይሱዙ ቅጥቅጥ ወንበሩን አውጥተን ቤት አድርገነዋል። አልጋ፣ ምድጃ፣ የ300 ሊትር የውሃ ሮቶና ሁለት ባትሪ አለው። አልፎ አልፎ በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ ወርደን ጣና ዳር እናድራለን። ክረምቱን ግን አዘዞ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ከረመ።

አሁን ወደ ግራ አዘንብሏል። በጣት ስለካው አራት ጣት ነው። አንድ ጋራዥ «ባሌስትራው (ቦዲውን የተሸከመው የብረት ቅጠል ድርድር) ሞቷል» ብሎ በግራ በኩል ብቻ አንድ ቅጠል ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ኮረኮንች ላይ ሰሃኖቼ ይዘላሉ፤ ማዘንበሉ ግን አልቀረም። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ወደ ቀኝ ይጎትተኛል። የፍሬን ዘይቱም በሁለት ሳምንት ከምልክቱ በታች ይወርዳል።

አባዬ ዐይኑ ስለደከመ ሥር መግባት አይችልም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ክሪኩን እዚያ አድርጊ፣ ምን ይሸትሻል?» እያለ ያሠራኛል። ጎማ መፍታት አይከብደኝም። የቱን ራሴ ልሥራ? የቱን ለመካኒክ ልተው?

ሊማሊሞ ወራጅ፦
እህትዓለም፣ ሰሃኑ ይቆይ፣ ፍሬኑ ይቅደም። ወደ ቀኝ ከጎተተሽ የደከመው ግራው ነው። ዘይትም ከቀነሰ የግራ ፊት ጎማ ሲሊንደር (በዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፋው) አፍስሶ ሸራውን (ጎማውን ፈትጎ የሚያቆመውን) አርሶታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቆሞ የከረመ መኪና አመሉ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ሲሊንደሩ ውስጡን ይዝጋል፣ መነዳት ሲጀምር ዝገቱ ጎሚኒውን (ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ) ይበላዋል። ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) አውጪና የጎሚኒውን ጫፍ ገለጥ አድርጊ። ዘይት ከወረደ ተገኘ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፣ ቀይሪው። ስትቀይሪ ግራና ቀኙን አብረሽ።

አቧራውን በኮምፕሬሰር እንዳትነፊው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በውሃ አርሰሽ በጨርቅ ጥረጊው። ክሪክ ብቻ አምነሽም ሥር አትግቢ። ከሻንሲው በታች ወፍራም ጉማጅ ደርድሪ።

ከዚያ ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር ማስወጣት ነው። አባትሽ ጋቢና ገብተው ፔዳል ይርገጡልሽ፣ እግራቸው አይረሳም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ነው። ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ካለ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፣ ይጠጋ። ረግጠው እንደያዙት ቀስ እያለ ከሰመጠና ሌላ የሚያፈስ ቦታ ከሌለ ማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር) ነው። እሱን ለመካኒክ ተዪው።

አሮጌውን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይሪ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ሊማሊሞን በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን የወረደ ሾፌር ይህን ቁጥር በእግሩ ያውቀዋል።

በያጁ፦
ሮቶው፣ ምድጃው፣ ባትሪው በየት በኩል ናቸው? ሦስቱም ግራ ከሆኑ ባሌስትራው አልሞተም፣ ተጭኖበት ነው። 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎ ነው፤ አራት አምስት ሰው አንድ ጥግ ላይ እንደ መቆም። ያውም ተሳፋሪ መውረጃው ሲደርስ ይወርዳል። ሮቶ አይወርድም!

ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሚና ከጎማው መሀል እስከ ቦዲው ጫፍ በሜትር ለኪ። አንዴ ሮቶው ባዶ ሆኖ፣ አንዴ ሞልቶ። እግረ መንገድሽን ቅጠሎቹን በሽቦ ብሩሽ አጽጂና ስንጥቅ ካለ እዪ። ባሌስትራው የተያዘባቸውን ፒኖችም ግራሶ አጠጫቸው። ያ የተጨመረው ቅጠል ይውጣ።

ሰፈርተኛ፦
ጎርጎራ ስትወርዱ ትርፍ ቦታ አለ? 😀

የአዘዞዋ፦
ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሦስቱም ግራ ነበሩ። አባዬ «ይሄ መኪና ስንት ኩንታል ተሸክሞ አላዘነበለም» ብሎ ሲሞግተኝ ነበር። ስለካው ሮቶው ባዶ ሲሆን ልዩነቱ 2 ሳንቲም፣ ሲሞላ 7። ቁጥሩን ስነግረው ዝም አለ። ሮቶውን ወደ መሀል፣ ከኋላው አክስ ትንሽ ፈንጠር አድርገን አሰርነው። ትርፉ ቅጠል ወጣ።

ሲሊንደሩም እንደተባለው የግራ ፊት ነው። ሸራውን ገና አውጥቼ ሳላየው አባዬ ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰና «ራሷል» አለ። ሲሊንደሩን ከነጎሚኒው ቀየርኩ፣ ሸራውን ግራና ቀኝ ቀየርኩ፣ አየር አስወጣን። ትናንት ባዶ ሜዳ ላይ ሞከርኩት፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ባትሪዎቹ ግን ገና ግራ ናቸው፣ ሽቦው አጠረብኝ። ረጅም ሽቦ እስካገኝ አባዬ በቀኝ በኩል ይቀመጣል።