ሳሎን ውስጥ ያለው ቃሪያዬ አበባውን እያረገፈ አስቸገረኝ

የሴንት ፖሏ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሚኒሶታ ነው የምኖረው። እናቴ እኔ ጋ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። የሱቁ ቃሪያ ግን እስከ ዛሬ አልጣማትም። «ሽታ የለውም» ትላለች። ሽሮ ስታቀርብ ስንጉን ትታ ነው የምትበላው። ስለዚህ እዚሁ ዘር ገዝቼ በመስከረም መጀመሪያ አራት ችግኝ ሳሎን ውስጥ አበቀልኩ።

ቅጠላቸው ሲያምር! ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ቁመታቸውም ከጉልበቴ አልፏል። ከታኅሣሥ ጀምሮ አበባ አወጡ። ግን አበባው በተከፈተ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ዱብ ይላል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከወለሉ ላይ ትለቅማለች። ትናንት 19 ቆጥራ በሳህን አሳየችኝ። አንድም ፍሬ አልያዘም።

የማደርገው ይኸው ነው። የኤልኢዲ መብራቱ በቀን 18 ሰዓት ይበራል። በየሳምንቱ ማዳበሪያ እሰጣለሁ፣ ካርቶኑ ላይ 24-8-16 የሚለውን። ውሃ በየቀኑ አጠጣለሁ። ውጪው በረዶ ስለሆነ እንዳይበርዳቸው ማሞቂያው አጠገብ ነው ያስቀመጥኳቸው። ምን አጎደልኩባቸው?

ስቶክሆልም ሰገነት፦ እህቴ አይዞሽ፣ እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አልቅሻለሁ። ሁለት ነገር አይተሽ ንገሪን። የወደቀውን አበባ አንሺና አንገቱን ተመልከቺ፣ ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያዝበትን ቀጭን ዘንግ ማለቴ ነው። ቢጫ ሆኗል ወይስ እንደ አረንጓዴነቱ ነው? ቢጫ ከሆነ ተክሉ ራሱ ነው የጣለው። ሁለተኛ፣ ቴርሞሜትር ግዢ። የግድግዳው አይጠቅምሽም። አበባው ባለበት ከፍታ ላይ አስቀምጠሽ ቀንም ሌሊትም ለኪ።

የሴንት ፖሏ፦ አንገቱ ቢጫ ነው። እርጥበትም የሚለካውን ቴርሞሜትር ገዛሁ። ቀን መብራቱ ሥር 33 ዲግሪ፣ ሌሊት 27። እርጥበቱ 22 ከመቶ ይላል።

ካሊፎርኒያ ጓሮ፦ ቤት ውስጥ የሚያድግ ተክል አበባ ላይ ሲደርስ መብራቱ ወደ 12 ሰዓት መቀነስ አለበት ሲሉ ሰምቻለሁ። ምናልባት 18 ሰዓቱ ይሆን ችግሩ?

የቢሾፍቱ ገበሬ፦ ወንድሜ፣ እሱ ለሌላ ተክል ነው። ክሪሳንተመምና ፖይንሴቲያ የሚባሉት አበቦች፣ ካናቢስም ጭምር ሌሊቱ ረዘም ካላለ አያብቡም። በእነሱ ላይ 12 ሰዓት ይሠራል። ቃሪያ ግን በቀኑ ርዝመት ብዙም አይመራም። የእህታችን ቃሪያ አበባ ማውጣቱን አውጥቷል፣ ያቃተው መያዙ ነው። ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይበቃዋል። መብራቱን በታይመር 16 ላይ አድርጊው፣ የቀረውን ጨለማ ይረፍበት።

ዋናው ችግርሽ ሙቀቱ ነው እህቴ፣ በተለይ የሌሊቱ። ቃሪያ ቀን ከ21 እስከ 29፣ ሌሊት ከ16 እስከ 21 ዲግሪ ሲያገኝ ይስማማዋል። ቀኑ 32 ሲያልፍ ወይ ሌሊቱ ከ24 ሲበልጥ የአበባው ዱቄት ይመክናል። የመከነ ዱቄት ፍሬ አይሰጥም፣ ተክሉም አበባውን ይጥለዋል። የማረቆንና የአላባን አየር አስቢ። ቀኑ ቢያቃጥልም ማታ ጋቢ ያስደርባል። አንቺ ለቃሪያሽ አዝነሽ ማሞቂያ ሥር አስቀመጥሽው፣ እሱ ደግሞ ማረፊያ ሌሊት አጣ። ከማሞቂያው አርቂው። መስኮት ዳር ይሁን፣ ቅጠሉ ግን መስታወቱን አይንካ። ከ15 በታች ከወረደም ያው ይረግፋል።

ቀጥሎ ማዳበሪያው። ከሦስቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው ናይትሮጅን ነው። 24 ለቅጠል ነው። ጎመን ብትተክዪ ጥሩ ነበር። ቃሪያ ናይትሮጅን ሲበዛለት ቅጠሉን ያሰፋል፣ ፍሬውን ይረሳል። ያ የምታደንቂው ጥቁር አረንጓዴ ይህንኑ ነው የሚነግርሽ። ለሁለት ሳምንት ማዳበሪያ የሚባል አትስጪው። ከዚያ የቲማቲም ማዳበሪያ ግዢ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ከሦስተኛው የሚያንሰውን። ካርቶኑ ካዘዘው ግማሹን፣ በ15 ቀን አንዴ ስጪው።

የአራባ በረሃ ልጅ፦ የእኔን ልጨምር። እስራኤል ውስጥ አራባ በረሃ በትልልቅ ግሪንሃውሶች ፒልፔል፣ የእነሱን ቃሪያ ማለቴ ነው፣ ስለቅም ዓመታት አሳልፌያለሁ። የቃሪያ አበባ ወንዱም ሴቱም እዚያው አንድ አበባ ውስጥ ነው። ግን የሚያናውጠው ይፈልጋል። እኛ ጋ በካርቶን ሣጥን የሚመጡ ድንቡሽ ያሉ ጠጉራም ንቦች ነበሩ። ንቧ አበባው ላይ ተንጠልጥላ ስትርገበገብ ዱቄቱ ቦነን ይላል። ሳሎንሽ ውስጥ ንብም የለ ንፋስም የለ።

ስለዚህ ንቧን ሆነሽ ሥሪ። ረፋድ ላይ አበባው በደንብ ሲከፈት የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ አብሪና ጀርባውን የአበባው አንገት ላይ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ አስነኪው። አበባውን ራሱን አትንኪ። መሃል ላይ ያሉት ወይን ጠጅ የሚመስሉት ዘንጎች ተሰንጥቀው ዱቄት ሲለቁ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ብሩሽ ከሌለሽ በጣትሽ ቅርንጫፉን ጠብ ጠብ አድርጊው። ትንሽ ፋንም ክፈቺ፣ ቅጠሉ እንዲወዛወዝ ያህል ብቻ።

22 ከመቶ እርጥበት ደግሞ በጣም ደረቅ ነው። ዱቄቱ ሴቷ ላይ ሳይጣበቅ ይደርቃል። ከ50 እስከ 70 ቢሆን ይመረጣል። እንፋሎት የሚያወጣውን ማሽን አጠገቡ አድርጊ፣ ለእናትሽም ጉሮሮ ይጠቅማል።

እማማ ሜሪላንድ፦ ልጄ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ስለ ውሃው ማንም አልተናገረ። በየቀኑ አታጠጪ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺ። ከደረቀ ከታች እስኪፈስ አጠጪ፣ እርጥብ ከሆነ ተዪው። ዛሬ አጥለቅልቀሽ ከዚያ አድርቀሽ ካቆየሽው ፍሬ ቢይዝ እንኳ ጫፉ ጠቁሮ ይበሰብስብሻል። የተተከለበትስ ዕቃ ምን ያህላል?

የሴንት ፖሏ፦ 4 ሊትር የሚይዝ ነው እማማ።

እማማ ሜሪላንድ፦ ያንሳል። እኔ በ20 ሊትር ባልዲ ነው የምተክለው፣ የባልዲውን ታች በስቼ።

ስቶክሆልም ሰገነት፦ እማማ ልክ ናቸው፣ ግን አበባ ላይ ያለን ተክል ማዛወር አያስፈራም? እኔ ሳዛውር ለሳምንት ያህል ያለውን ሁሉ አረገፈብኝ።

የቢሾፍቱ ገበሬ፦ እውነት ነው፣ ያረግፋል። እዚህ ግን አበባው ሁሉ እየረገፈ ስለሆነ የሚቀርባት ነገር የለም። አሁኑኑ ታዛውረው። ሥሩን ሳትበትኚ ከነአፈሩ አንሺው። ያኔ የተገኘውን አበባ ሁሉ በእጅሽ ብትቀነጥቢለትም አይከፋም፣ ጉልበቱን ለሥሩ ያውለዋል። አንድ ነገር ደግሞ፣ የቅጠሉን ሆድ በየሳምንቱ ገልብጠሽ እዪ። ሙቀትና ደረቅ አየር ሲገናኙ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ይመጣል፣ ቅጠል የሚመጠው ክሽክሽም ቤት ውስጥ ጠላት ስለሌለው ይራባል። ካየሽ ሻወር ሥር አስገብተሽ የቅጠሉን ሆድ በውሃ እጠቢው፣ በሦስት በአራት ቀን ድገሚው።

የሴንት ፖሏ፦ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁለቱን ባልዲ ውስጥ አዛወርኩ፣ ሁለቱን ባሉበት ተውኳቸው፣ ልዩነቱን ለማየት ብዬ። ሁሉንም ከማሞቂያው አንስቼ መስኮት ዳር አደረግኳቸው። አሁን ቀን 26፣ ሌሊት 19 ነው። ብሩሹን እናቴ ተረከበችው። በየረፋዱ ቡናዋን ሳትጠጣ በፊት «ንብ ልሆን ነው» ብላ ትሄዳለች።

ባልዲ ውስጥ ያሉት በመጀመሪያው ሳምንት አረገፉ፣ እንዳላችሁት። ከዚያ አንድ ቀን እናቴ ጠራችኝ። የአበባው ነጭ ቅጠል ደርቆ እንደ ቀለበት ተንጠልጥሏል፣ በመሃሉ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። አንገቷም ቢጫ አልሆነም፣ ወፍሮ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል። ዛሬ ባልዲዎቹ ላይ 23 ፍሬ አለ፣ ትልቁ የትንሿ ጣቴን ያህላል። ትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ ያሉት 5 ብቻ ያዙ። አሁንም አንዳንድ አበባ ይረግፋል፣ ያስደነግጣል?

የአራባ በረሃ ልጅ፦ እሰይ! አያስደነግጥም። ፍሬ ሲበዛበት የማይችለውን ይጥላል። ግሪንሃውስ ውስጥም እንዲሁ ነው።

እማማ ሜሪላንድ፦ እልል! ለስንግ ከሆነ ቆዳው ጠንክሮ ሲያንጸባርቅ፣ ስትጫኚው ቋ ሲል ቁረጪው። በእጅሽ አትጎትቺ፣ ቅርንጫፉ ይገነጠላል። በመቀስ ይሁን፣ ከአንገቱ ትንሽ አስቀርተሽ። የመጀመሪያዎቹን ቶሎ ከቆረጥሽ ሌላ አበባ ያወጣል። አንዱን ግን ለዘር ተዪልኝ፣ ቀልቶ እስኪሸበሸብ።