በክሬዲት ካርድ ነጥብ መኪና ይገዛል?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በመኪና አምራቹ በጄኔራል ሞተርስ ክሬዲት ካርድ ሲገበያይ የሚያጠራቅመው ነጥብ መኪና እንደሚያስገዛ ነግሮኛል፤ እኔ የማውቀው ከሂሳቤ ወዲያው የሚቆርጠውን የኤቲኤም ካርድ ብቻ ስለሆነ አሠራሩን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ ካርዱ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር ከግዢው 5 በመቶ ለኩባንያው አዲስ መኪና ቅናሽ ይታሰብ ነበር፤ 10,000 ዶላር ያወጣ ሰው 500 ዶላር ይቀነስለት ነበር ማለት ነው። ክሬዲት ካርድ እንደ ኤቲኤም ካርድ ከሂሳብዎ ወዲያው የሚቆርጥ ሳይሆን በብድር የሚያስገዛ ነው፤ ዕዳውን በየወሩ አጠናቀው ካልከፈሉ ግን ወለዱ ነጥቡን ይበላዋል።

መልስ 2፦ ወንድምዎ መኪናውን ገዝቶ ይልክልኛል ብለው ካሰቡ፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መከልከሉንም አይርሱ። ስለ ወለዱ ደግሞ፣ እኔ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የባንክ ብድር ስጠይቅ ሠራተኛዋ ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዙራ የወለዱን ድምር አሳየችኝ፤ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ እንግዲያው ወንድሜ ቅናሹን ለራሱ መኪና ይጠቀምበት።