ለሽያጭ በሚዘጋጅ ሳሎን ግድግዳ ላይ ደጋግሞ የሚያብጥ ቀለም፦ እርዳታችሁን

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ 3.5 በ4 ሜትር ስለሆነ ትልቁ ቡፌ ወጣ፣ ከባዱ መጋረጃም በስስ ነጭ ተቀየረ። ክፍሉ ሰፋ፣ ብርሃኑም ደስ ይላል። ችግሩ ቡፌው ሸፍኖት የነበረው ግድግዳ ነው። ከጀርባው ሻወር ቤት አለ። ከወለሉ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቀለሙ ያብጣል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨውም ያወጣል።

ተፍቆ፣ በጂፕሰም ስቱኮ ተሞልቶ፣ ሁለት እጅ ፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ አበጠ። ጂፕሰም ውሃ ስለሚመጥ እዚያ ቦታ መግባት አልነበረበትም። ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው የውሃ ቆጣሪው ሌሊቱን አልተንቀሳቀሰም፣ ማለትም የሚያፈስ የውሃ መስመር ያለ አይመስልም፤ ስለዚህ የምጠረጥረው የሻወሩን ወለል ሴራሚክ መጋጠሚያዎችና የፍሳሽ ቀዳዳውን ዙሪያ ነው።

መጋጠሚያውን ፍቆ እንደገና መሙላት ይበቃል ወይስ ሴራሚኩ ተነስቶ ከሥሩ ውሃ መከላከያ መቀባት አለበት? የሳሎኑ ልስን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተፈንቅሎ በሲሚንቶ ቢለሰንስ፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ስንት ሳምንት ይድረቅ? በዘይት ቀለም አፍኖ ማለፍን አልፈልግም። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ገዢውንም ማታለል ነው።