ጥቆማ፦ ሐዋሳ ላይ ዲሽ ለማስተከልና ኤፍ ኤም ለማጥራት

ጥያቄ፦ ሰላም ጎረቤቶች። አቶቴ አካባቢ አዲስ ቤት ገባን። ለኢትዮሳትና ለናይልሳት አንድ ትልቅ ዲሽ ይበቃናል? ኤፍ ኤሙም ቤት ውስጥ ይንሿሿል። ምን እንግዛ?

መልስ፦ እንኳን ደህና ገባችሁ። አንድ ዲሽ የፈለገ ቢተልቅ አይበቃም። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ከሐዋሳ ሲታይ የመጀመሪያው በምሥራቅ በኩል 67 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ሁለተኛው በሐይቁ በኩል 37 ዲግሪ አካባቢ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሁለት ዲሽና የሁለቱን ኬብል ወደ አንድ ሪሲቨር የሚያገናኝ አንድ ስዊች ያስፈልጋል። ዛፍና የጎረቤት ፎቅ የሚከልለው ናይልሳትን ስለሆነ ቦታ ስትመርጡ ምዕራቡን እዩ። የአገር ውስጥ ቻናል ብቻ ከሆነ የምታዩት ግን ናይልሳቱ ይቅርባችሁ።

ከዲሽ 90 ሳንቲሜትሩን እመርጣለሁ። ትንሹም ይስባል፤ ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ግን ቀድሞ የሚቆራረጠው እሱ ነው።

ባለሙያ ስትጠሩ ሲግናል መለኪያ ይዞ ይመጣ እንደሆነ ጠይቁት። ጣራ ላይ ሆኖ «መጣ? ሄደ?» እያለ ሰፈሩን የሚያውክ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ርካሽ ቢሆንም። ኤል ኤን ቢውን (ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረውን ሲግናል ተቀባይ) ቀጥ አድርጎ አስሮ ከወረደም መልሳችሁ አውጡት። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ለኢትዮሳት 70 ዲግሪ ገደማ ወደ ጎን መዞር አለበት። ሪሲቨሩ ላይ የሚታየው «ኳሊቲ» ከፍ እስኪል በቀስታ ያዙረው። «ሲግናል» የሚለው ቢሞላ ብዙም አያኩራራችሁ፣ ባዶ ሰማይ ላይም ይሞላል።

ለኤፍ ኤም ምንም አትግዙ። ቡስተር የሚሉት ሲግናል ማጉያ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። አንቴናውን ራሳችሁ ከሽቦ ሥሩት። 143ን ለጣቢያው ሜጋኸርዝ አካፍሉ፣ የሚመጣው ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ነው። ለ100 ሜጋኸርዝ 1.43 ይሆናል። ይህን ለሁለት ከፍላችሁ 71 ሳንቲሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ቁረጡ። ከዲሽ የተረፈ ኬብል አይጠፋም፤ የመሃሉን ሽቦ ከአንዱ፣ ዙሪያውን የሸፈነውን የሽቦ መረብ ከሌላው ጋር እሰሩ። ሬዲዮው የአንቴና መሰኪያ ከሌለው የመሃሉን ሽቦ ከሚመዘዘው ዘንግ ጋር በክሊፕ ያዙት። ቆርቆሮ ጣራ ስር ኮርኒስ ላይ አትስቀሉት፣ መስኮት ጋ ይሻላል። በቁመትም በአግድምም ሞክሩት።

ጥያቄ፦ እኛ ታቦር ተራራ ስር ነን። አይከልለንም?

መልስ፦ ኢትዮሳትን አይነካውም፣ በጣም ከፍ ብሎ ነው ያለው። ኤፍ ኤሙን ግን ሊከልል ስለሚችል ሽቦውን ከተራራው በተቃራኒ ባለው መስኮት ጀምሩ።