ክርክር፦ ሊፍት ይተከል ወይስ ክፍሉ ወደ ግራውንድ ይውረድ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ እንበል፤ መማሪያዎቹ ጂ+3 እና ጂ+4 ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚውል መጠነኛ በጀት ተገኘ። ሊፍት ይተከልበት? ወይስ ክፍሉና ዶርሙ ግራውንድ ላይ ይሁንና ገንዘቡ ለሌላ ይዋል? ገጠመኝ ይቅርብን፤ በሜትርና በአሠራር እንከራከር።

ባለሜትር፦ ይውረድ ባይ ነኝ። ሊፍት መትከል አንድ ነገር ነው፣ ማቆየት ሌላ። መብራት ሲዋዥቅ የመቆጣጠሪያው ካርድ ይቃጠላል፤ ክረምት ላይ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ውኃ ይቋጥራል፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ግዢው እስኪያልቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት መውጫ) ግን አንዴ በትክክል ከተሠራ ከመጥረጊያ ሌላ የሚፈልገው የለም።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ጉዱ ያለው “በትክክል ከተሠራ” ያልከው ላይ ነው። ካምፓስ ውስጥ ራምፕ የምንለው ስንቱ የዕቃ ማውረጃ ነው!

ባለሜትር፦ እሱን አልክድም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለ1 ሴ.ሜ ከፍታ 12 ሴ.ሜ ርዝመት። መግቢያው ባለ 6 ደረጃ ቢሆንና አንዱ 15 ሴ.ሜ ቢሆን ከፍታው 90 ሴ.ሜ ነው፣ ተዳፋቱ ብቻ 10.80 ሜትር ይወስዳል። በአንድ ጉዞ ከ75 ሴ.ሜ በላይ ስለማይወጣ ለሁለት 5.40 ሜትር ይከፈላል፤ መሐሉ ላይ 1.50 ሜትር ማረፊያ፣ ከላይና ከታችም እንዲሁ። ድምሩ 15.30 ሜትር። ቦታ ከጠበበ ዞሮ የሚመለስ ይደረጋል። ተቋራጩ ይህንን 4 ሜትር ላይ ሲጨርሰው ተዳፋቱ ከ22 በመቶ ያልፋል፤ ሽቅብ ዊልቸር ያለ ገፊ አይወጣም፣ ቁልቁል ወንበሩ በፊቱ ይደፋል። ላዩን ሊሾ ማድረግም ሌላ ጥፋት ነው። ሲሚንቶው ሳይጠነክር በመጥረጊያ አግድም ቢጫር ምንም ወጪ የለውም፣ ዝናብ ላይ ግን ጎማም ክራንችም ይይዛል። በሁለቱም ጎን ከ85 እስከ 95 ሴ.ሜ ላይ የእጅ መደገፊያ፣ ጠርዙ ላይ 10 ሴ.ሜ ከፍ ያለ ግንብ ይኑረው፤ ያለዚያ የፊቷ ትንሽ ጎማ ታመልጣለች።

ጥገና ክፍል፦ ኢንጂነር፣ የላይኛውን ማረፊያ አስምርበት። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነና ማረፊያ ከሌለ፣ በሩን የሚስበው ተማሪ በዚያው እጁ ተዳፋት ላይ ወንበሩን መያዝ አለበት። ሁለት እጅ ለሦስት ሥራ አይበቃም። ደግሞ ራምፑ የሚያበቃው የት ነው? ብዙውን ጊዜ የጎርፍ ቦይ ላይ። ቦዩ ላይ የሚጣለው ፍርግርግ ብረቱ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ከሆነ ጎማው ይገባበታል፤ መንገዱን የሚያቋርጥ ሆኖ ክፍተቱ ከ1.3 ሴ.ሜ መብለጥ የለበትም። የኮንክሪት ክዳን ደግሞ መኪና ሲወጣበት ይሰነጠቃል፣ ፌሮው ለቁራሌ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል።

ሦስተኛ ፎቅ፦ እሺ፣ መግቢያው ተስተካከለ እንበል። ከዚያስ? ሌክቸር ይወርዳል። የኬሚስትሪ ላብ ግን ከውኃ መስመሩ፣ ከጋዙና ከጭስ መሳቢያው ጋር አይወርድም። ኮምፒውተር ክፍሉ ከሌባ ይጠበቅ ተብሎ ላይ ነው ያለው። የዲኑ ቢሮ ላይ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ የሚፈርሙት ሰዎች በየፎቁ ተበትነዋል። “ግራውንድ ላይ ይማር” ስትሉ ተማሪው ምን ይማር የሚለውንም እየወሰናችሁለት ነው፤ ላብ ያለበትን ትምህርት ክፍል ከወዲሁ ይተወዋል። ከውስጥ ራምፕ ይሠራ እንዳትሉኝ። 3.20 ሜትር ፎቅ ለመውጣት 38.40 ሜትር ተዳፋትና 4 የመሐል ማረፊያ ያስፈልጋል፤ 44.40 ሜትር ለአንድ ፎቅ ብቻ!

ፕሮግራም አውጪ፦ የመማሪያ ክፍል ድልድል ከሚሠራበት ወገን ልናገር። ማውረዱ በወረቀት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ክፍል የሚደለደለው ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ነው። የጉዳቱ መረጃ ምደባው ላይ እያለ ትምህርት ክፍሉ ጋ ሳይደርስ ይቀርና፣ ክፍል ለውጡ የሚጠየቀው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሆናል። ያኔ ግራውንድ ያሉት ክፍሎች ተይዘዋል፤ ያውም ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ የ60 ሰው ሴክሽን አይገባባቸውም። መፍትሔው መጀመሪያ የእነዚህን ተማሪዎች ሴክሽን ግራውንድ ላይ ቆልፎ የቀረውን ከዚያ መደልደል ነው። የመምህሩም ፈቃድ አይጠየቅበት። ፕሮክተሩም (የዶርም ተቆጣጣሪው) እንዲሁ፤ ዶርም ሲደለደል አልጋው የታችኛው መሆኑ አይበቃም፣ በአልጋዎቹ መሐል ወንበር ማለፍ አለበት። ዊልቸር ከ65 እስከ 70 ሴ.ሜ ይሰፋል፤ 80 ሴ.ሜ የተባለ በር ፍሬሙና የበሩ ውፍረት ሲቀነስ እጅ ይልጣል።

ነጭ በትር፦ እስካሁን ያወራችሁት ስለ ጎማ ብቻ ነው። ዓይነ ስውር ተማሪ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ይወጣል፤ ሊፍታችሁም ራምፓችሁም ያን ያህል አያሳስበውም። የሚጎዳው ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት የብረት መስኮት ነው። በትር የሚያገኘው ከመሬት ያለውን ነው፣ ግንባር ላይ ያለውን አይደለም። መስኮቱን ተንሸራታች ማድረግ፣ ቢያንስ በማቆሚያ ብረት ከግድግዳው ጋር ማስያዝ የአንድ ብየዳ ባለሙያ ሥራ ነው። ከደረጃ ሥር ያለውም ክፍት ቦታ ጭንቅላት ይመታል፤ ዝቅ ያለ አጥር ይበቃዋል። መሬት ላይ የሚነጠፈውን ምልክት ደግሞ ሠሪዎቹ ያምታቱታል፦ ረጃጅሙ መስመር “ሂድ” ነው፣ ነጠብጣቡ “ቁም፣ ተጠንቀቅ” ነው። ነጠብጣቡን ለውበት ብሎ መንገዱን ሁሉ የሚሞላበት አለ፤ መስመሩን ወስዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር የሚያላትም አለ። ከፍታው 5 ሚ.ሜ ያህል ነው፤ ኮብልስቶን መሐል ከተነጠፈ ደግሞ በትር አይለየውም፣ ግራ ቀኙ ለስላሳ መሆን አለበት።

ሦስተኛ ፎቅ፦ እስማማለሁ፤ ግን ይህ ሊፍቱን አይተካም። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀምም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለሚያቅተውም መዳረሻ ይኑረው ብሎ ነበር።

ባለሜትር፦ መዳረሻ እንጂ ሊፍት አላለም። የዚያው ዓመት የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650 አንቀጽ 40ም “በተቻለ መጠን” የምትል ቃል አለችው።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ያው አንቀጽ የሕንፃ ዲዛይኑና የግቢው አቀማመጥ እነዚህን ተማሪዎች ታሳቢ ያድርግ ይላል፤ እሷን ዘለልካት። አዋጅ 650ም በ2011 በአዋጅ 1152 ተተክቷል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በ2002 በአዋጅ 676 ጸድቋል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ደግሞ ለሁሉም ሕንፃ ሊፍት አላልኩም። ላብ ላለበት ብሎክ አንድ፣ 1.10 በ1.40 ሜትር ካቢን፣ በሩ 90 ሴ.ሜ። ከውጭ በኩል በኮሪደሩ ጫፍ ይቁም፤ የጫፉ መስኮት በር ይሆናል፣ ወለል አይሰበርም። ሁለት ብሎኮች ወለላቸው እኩል ከሆነ በድልድይ ተያይዘው በአንዱ ይገለገላሉ።

ጥገና ክፍል፦ በኮሪደሩ ጫፍ ያልከው ቁም ነገር ነው። ከደረጃው ቤት ጋር ሲያያይዙት ሊፍቱ የሚቆመው ደረጃው የሚታጠፍበት ማረፊያ ላይ ይሆንና ተማሪው የግማሽ ፎቅ ደረጃ ይቀረዋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወደ ቅርቡ ፎቅ ወስዶ በሩን የሚከፍተው መሣሪያ ደግሞ ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ውሉ ላይ ከጥገናውና ከመለዋወጫው ጋር አብሮ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ከባለሜትር ጋር ነኝ፣ አይተከል።

ባለሜትር፦ ላብ ላለበት ብሎክ ከሆነና ውሉ እንዲህ ከተጻፈ ልስማማ። ግን ከዶርም እስከ ካፌ፣ ከካፌ እስከ ክፍል ያለው መንገድ ይቅደም። ላብ ድረስ መድረስ ለማይችል ሰው የላቡ ሊፍት ምኑ ነው?

ሦስተኛ ፎቅ፦ “ይቅደም” ስትሉ ሊፍቱ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ነው የሚተላለፈው። በአንድ ጨረታ ይውጣ።

ፕሮግራም አውጪ፦ ሁላችሁም ሽንት ቤቱን ረሳችሁት። ተማሪው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ግቢ ውስጥ ነው፤ ሽንት ቤት ከሌለ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል።

ጥገና ክፍል፦ አዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ አለ። 1.50 ሜትር መዞሪያ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት 90 ሴ.ሜ በር፣ ከ45 እስከ 48 ሴ.ሜ ከፍታ ያለው መቀመጫ፣ የግድግዳ መያዣ፤ በርክክብ ቀን ሁሉም ተሟልቷል። ከዚያ ውኃ ሲቋረጥ በርሜል ይገባል፤ የሚቀመጠውም ከወንበር ወደ መቀመጫው መሸጋገሪያው ላይ ነው።

ነጭ በትር፦ ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

ፕሮግራም አውጪ፦ ጽዳት ክፍል። መወልወያና ባልዲ ማስቀመጫ አድርገውታል።